ቀሚሴን ሦስት ጊዜ ያጠበብኩበት ዓመት፦ ከአንድ በላይ ዕጢ ሲታመም እንዴት ይታወቃል?

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ የስፌት መኪናና አንድ ረጅም መስታወት ያላት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የሰው ወገብ መለካት ሥራዬ ነው። የራሴን ወገብ ግን የለካሁት ቀሚሴ ከላዬ ላይ መንሸራተት ሲጀምር ነው። 2011 ዓ.ም መስከረም ላይ ሁለት ጣት አጠበብኩት። ለገና እንደገና አጠበብኩት። ፋሲካ ሳይደርስ ሦስተኛ ጊዜ መርፌ ያዝኩ።

በዚያ ዓመት የተሰጠኝን የበሽታ ስም ልቁጠርላችሁ። ጨጓራ። ታይፎይድ። ታይፈስ። ደም ማነስ። ጭንቀት። እንደገና ጨጓራ። በመጨረሻ ታይሮይድ። ጎረቤት ደግሞ የራሱን ጨመረ፤ ምች ነው ያለ አለ፣ የሰው ዓይን ነው ያለም አለ። ሁሉም አዝነውልኝ ነው የተናገሩት። ግን እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ምልክቶቹን አንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠን አላየንም። አንዱ ሆዴን አየ፣ ሌላው ደሜን፣ ሌላው አንገቴን። በሽታው ግን አንድ ነበር። የራሴ ሰውነት መከላከያ የራሴን ዕጢዎች እያጠቃ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። «ዕጢ» ሲባል ብዙዎቻችን ካንሰር ነው የሚመስለን። እናቴ ሐኪሙ «የዕጢ ችግር ነው» ሲላት እዚያው ወንበሩ ላይ አልቅሳለች። እዚህ የማወራው ስለ እሱ ዕጢ አይደለም። ሁላችንም ስንወለድ ይዘናቸው የምንመጣ፣ ሆርሞን የሚባለውን የሰውነት መልእክተኛ ወደ ደም የሚለቁ ትንንሽ የአካል ክፍሎች አሉ። አንገት ላይ ታይሮይድ አለ። ከእሱ ጀርባ የስንዴ ፍሬ የሚያህሉ፣ ብዙውን ጊዜ አራት የሆኑ ፓራታይሮይዶች አሉ። በሁለቱ ኩላሊቶች አናት ላይ አድሬናል የሚባሉት ተቀምጠዋል። ቆሽት ኢንሱሊን ይሠራል። የሴት እንቁላል ማፍሪያም ከእነዚሁ ይቆጠራል።

ሰውነታችን ተህዋሲያንን የሚዋጋበት ኃይል አለው። አንዳንድ ሰው ላይ ይህ ኃይል ይሳሳትና የገዛ ቤቱን እንደ ጠላት ያያል። አንድ ዕጢ ላይ ከጀመረ ሌላው ላይም ሊቀጥል ይችላል። ሐኪሞች አውቶኢሚዩን ፖሊግላንዱላር ሲንድረም ይሉታል። ስሙን መሸምደድ አይጠበቅባችሁም። ይቺን ግን ያዙልኝ፦ ሁለተኛው ዕጢ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ላይታመም ይችላል። በመካከል ወራት፣ አንዳንዴ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ። ስለዚህ «ታይሮይድ ነው ተብያለሁ፣ መድኃኒት ጀምሬያለሁ፣ አበቃ» ብሎ መዝጋት አይቻልም።

አዋቂዎች ላይ በብዛት የሚታየው ሁለተኛው ዓይነት የሚባለው ነው። የአድሬናል መድከም፣ ከእሱ ጋር የታይሮይድ በሽታ ወይም ዓይነት 1 ስኳር፣ ወይም ሁለቱም። ከወንድ ይልቅ ሴት ላይ ይበዛል። ከ20 እስከ 40 ባለው ዕድሜ መጀመሩም የተለመደ ነው። እኔ 36 ነበርኩ።

ከቆዳ ልጀምር፤ እኔን ያተረፈኝ እሱ ነውና።

አድሬናል ሲደክም ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ያንሳል። ጭንቅላት ውስጥ ያለው አዛዥ ዕጢ ደግሞ «ሥራ እንጂ!» እያለ አድሬናልን አብዝቶ ይጎተጉታል። ኤሲቲኤች የሚባለው ያ የጉትጎታ መልእክት ሲበዛ የቆዳን ቀለም ሠሪዎችም ያነቃቸዋል። ስለዚህ ሰውየው ይጠቁራል። ቶማስ አዲሰን የሚባል የለንደን ሐኪም ይህን በ1855 (እ.ኤ.አ.) ጽፎ አሳትሞታል። በሽታው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ችግሩ እኛ ዘንድ ነው። እንደኔ ጠይም የሆነ ሰው ሲጠቁር ማን ልብ ይለዋል? «ፀሐይ መታሽ» ይሉኛል። ፀሐይ የት አግኝቶኝ? ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ስለዚህ ፊታችሁን ትታችሁ ፀሐይ የማይደርስበትን እዩ።

መዳፋችሁን ክፈቱ። መስመሮቹን እዩ። መስመሮቹ ከዙሪያቸው ካለው ቆዳ ይልቅ አዲስ ጥቁረት ይዘዋል? ቀጥሎ የጣት መገጣጠሚያዎችን፣ ክርንን፣ ጉልበትን። ነገር የሚጫነውና የሚፈትገው ቦታ ቶሎ ይጠቁራል። እኔ መቀስ የሚይዘው አውራ ጣቴ ላይ ቀለበት የመሰለ ጥቁር ምልክት ወጥቶ ነበር። 18 ዓመት መቀስ ይዣለሁ፣ እንዲያ ሆኖ አያውቅም። ከዚያ ጠባሳ። የድሮ ጠባሳችሁና በቅርቡ የወጣው ጠባሳ ቀለማቸው ይለያያል? አዲሱ ብቻ ጥቁር ከሆነ ልብ በሉ። በመጨረሻ አፍ። በቀን ብርሃን መስታወት ፊት ቆማችሁ ከንፈራችሁን ገልብጡ። ድዱን፣ የጉንጭን ውስጥ፣ ምላስን እዩ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጥቁር ሰው ሲፈጠርም ድዱ ጠቆር ያለ ነው። እሱ በሽታ አይደለም። የምትፈልጉት ለውጥን ነው፤ ድሮ ያልነበረን። እርግጠኛ ካልሆናችሁ የድሮ ፎቶ አውጡ፣ ወይም የወንድም የእህታችሁን መዳፍ ከእናንተው አጠገብ አስቀምጡ። ሌላው ደግሞ ንቅሳት ነው። በወሎ፣ በጎንደር፣ በትግራይ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ብዙ ናቸው። ንቅሳት ያለባት ሴት ድድ ምንም አይነግራችሁም፤ መዳፏን እዩ።

ይህን ንቅሳት ያነሳሁት በምክንያት ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛው ምልክት ጨው ነው። ገጠር ያደግን ሰዎች ቡና በጨው አዲስ አይደለም። እኔ ግን በስኳር የምጠጣ ሰው ነበርኩ። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ጨው ማድረግ ጀመርኩ። ከዚያ ቆሎው ላይ። ከዚያ ማታ ማታ ሰው ሲተኛ ከጨው ዕቃው በጣቴ እያነሳሁ መላስ። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ያረገዝኩ መስሎኝ ምርመራ ሁሉ አድርጌያለሁ። ምስጢሩ ቀላል ነው። አድሬናል ጨውን በሰውነት ውስጥ የሚያስቀር ሆርሞንም ይሠራል። እሱ ሲጠፋ ጨው በሽንት ይፈሳል፣ ሰውነትም ይጮኻል። ሐኪም ሳይጠይቃችሁ ይህን ንገሩት። ማንም «ጨው ያምርሻል?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩም። አምስት ወር የሄደው እንዲህ ነው።

ሦስተኛው መቆም ነው። ጎንበስ ብዬ የቀሚስ ጫፍ ለክቼ ቀና ስል ዓይኔ ይጨልማል። ግድግዳ እደገፋለሁ። ቤት ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ ካለ፣ ወይም ጤና ጣቢያ ስትሄዱ፣ እንዲህ አስለኩት። 5 ደቂቃ ተኝታችሁ ይለካ። ከዚያ ተነስታችሁ በቆማችሁ በ1 ደቂቃና በ3 ደቂቃ ይለካ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ያ ተራ ድካም ነው ተብሎ አይታለፍም። ቁጭ ብለው ብቻ ከለኳችሁ ይህ ላይታይ ይችላል። «ቆሜም ይለካልኝ» ማለት መብታችሁ ነው።

ድካሙ ራሱ ምን ይመስላል? ድካም ሁሉም ሰው አለበት። ይሄኛው እንቅልፍ የማይመልሰው ነው። ጠዋት ስነሳ ሌሊቱን እህል ስፈጭ ያደርኩ እመስል ነበር። ምግብ ያስጠላል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ አንዳንዴ ያስመልሳል። ጨጓራ የተባልኩት ለዚህ ነው። ስንቱ የጨጓራ መድኃኒት እየዋጠ ከወር ወር ይከሳል! ክሳትና ማስመለስ አብረው ከመጡ፣ የጨጓራ መድኃኒትም ካልለወጠው፣ ሌላ ነገር ይፈለግ በሉ።

አሁን ወደ አንገት እንውጣ። ታይሮይድ ሲቀንስና ሲበዛ ምልክቱ ተቃራኒ ነው። ሲቀንስ ይበርዳል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ውፍረት ይጨምራል፣ ፀጉር ይሳሳል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ የወር አበባ ይበዛል፣ ሐሳብ ይንቀራፈፋል። ሲበዛ ይሞቃል፣ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እየበሉ ይከሳሉ፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ላይ ዓይን ወደ ውጭ ይወጣል። አንገታችሁን ለማየት መስታወት ፊት ቆማችሁ አገጫችሁን ትንሽ ቀና አድርጉና ውሃ ዋጡ። ስትውጡ አብሮ ከፍ ዝቅ የሚል እብጠት ካለ አሳዩት። እንቅርት አገራችን ውስጥ ከአዮዲን እጥረት የተነሳም ብዙ አለ። ስለዚህ እብጠት ሁሉ የዚህ በሽታ ነው ማለት አይደለም። እብጠት ሳይኖርም ታይሮይድ ሊታመም ይችላል። የሚለየው የደም ምርመራ ነው፤ ቲኤስኤች ይባላል።

እኔን በርዶኝ ነበር። ደሴ ቢሆንም እንኳ ከሰው በላይ በርዶኝ ነበር። ሆዴ ደርቆ ነበር። ፀጉሬ ማበጠሪያ ላይ ይቀራል። ቲኤስኤች ተሠራ፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። ታይሮይድሽ ደክሟል ተባልኩ። እውነት ነበር። ግን አንድ ነገር ከዚህ ምስል ጋር አልሄደም። ታይሮይዱ የደከመ ሰው ይወፍራል እንጂ አይከሳም። እኔ ሦስት ጊዜ ቀሚስ አጥብቤያለሁ። ይህን የማይገጥም ነገር ማንም አላነሳውም።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄንን ውሰዱ። አድሬናሉም ታይሮይዱም የደከመ ሰው የታይሮይድ መድኃኒት ብቻውን ከተሰጠው ሊወድቅ ይችላል። የታይሮይድ ሆርሞን የሰውነትን ሥራ ያፋጥናል። ያለችውን ጥቂት ኮርቲሶልም ቶሎ ያስጨርሳል። ስለዚህ ሁለቱም ሲጠረጠሩ ኮርቲሶሉ ቀድሞ ይተካል፣ ከዚያ ታይሮይዱ። ከዚህ በላይ የሚገርመው፣ የኮርቲሶል እጥረት ብቻውን ቲኤስኤችን በመጠኑ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ የታይሮይድ መድኃኒት የጀመረ ሰው በመሻል ፈንታ ከተባባሰ «ገና አልለመደኝም» ብሎ አይጠብቅ። ይመለስ። ይንገር።

እኔ ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት አስመለሰኝ፣ ደገመኝ፣ ከዚያ መቁጠር ተውኩ። ወንድሜና ጎረቤቴ ተሸክመው ባጃጅ ውስጥ አስገቡኝ። ጎረቤቴ መንገዱን ሙሉ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ስትለኝ ትዝ ይለኛል። ግፊቴ 70 በ40 ነበር። ድንገተኛ ክፍል ተረኛው ገና ልጅ እግር ሐኪም ነው። መርፌ ሊያስገባ እጄን ገልብጦ ያዘና ቆመ። መዳፌን ወደ መብራቱ አዞረው። ከዚያ ከንፈሬን ከፈተ።

«እህቴ፣ ድድሽን ተነቅሰሽ ነው?»

«አይ፣ እኔ አልተነቀስኩም። የተነቀሰችው እናቴ ናት።»

ሌላ ምንም አልጠየቀም። ደም ቀዳ፣ ጨው ያለበት ግሉኮስ አንጠለጠለ፣ ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊግራም በደም ሥሬ ሰጠኝ። ውጤት አልጠበቀም። ትክክልም አደረገ፤ እንዲህ ያለ ሰው ላብራቶሪ እስኪመጣ አይጠበቅም። ሲነጋ ተቀምጬ አጥሚት ጠጣሁ። ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ።

በዚያ ሌሊት የተቀዳው ደም አዲስ አበባ ሄዶ ተሠራ። ኮርቲሶሌ 1.8 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ነበር። ሰው በዚያ ሁኔታ ውስጥ እያለ ኮርቲሶሉ በጣም ከፍ ማለት ሲገባው ነው። ሶዲየሜ ዝቅ፣ ፖታሲየሜ ከፍ ብሎ ነበር። ይህ ጥምረት የአድሬናል ዋና ምልክት ነው፤ ምርመራውም በብዙ ሆስፒታል ይሠራል። ሳትወድቁ፣ በእግራችሁ ሄዳችሁ የምትመረመሩ ከሆነ ኮርቲሶል የሚቀዳው ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ነው፣ ያኔ ከፍ ማለት ስላለበት። ከ3 በታች ከሆነ አድሬናል አለመሥራቱን በጣም ይጠቁማል። መሃል ላይ ከሆነ ማነቃቂያ መርፌ ተሰጥቶ እንደገና ይለካል። የኤሲቲኤች መጠንም ይረዳል። ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ኮርቲሶል ዝቅ ቢል ግን አትደንግጡ።

አገራችን ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ቲቢ። ቲቢ አድሬናልን ሊያጠፋው ይችላል። አዲሰን ራሱ ካያቸው በሽተኞች ብዙዎቹ የቲቢ ነበሩ። ስለዚህ የደረት ራጅና የሆድ ምርመራ ቢያዙላችሁ «ምን አገናኘው» አትበሉ። እኔም ተነስቻለሁ፤ ቲቢ አልተገኘም።

ወደ ስኳር ልለፍ። ወንድሜ ከ13 ዓመቱ ጀምሮ የኢንሱሊን ስኳር አለበት። ያ ዓይነት 1 ነው። ምልክቱን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ ውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ በአጭር ጊዜ መክሳት፣ የዓይን ብዥታ። ከዚህ ጋር ማስመለስና ፈጣን ትንፋሽ ከመጣ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ነው። ለእናንተ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ብዙ ያልተወራውን ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው፣ ምግቡም ሥራውም ሳይለወጥ ስኳሩ ደጋግሞ መውረድ ከጀመረ፣ መጠኑን ቢቀንስም መውረዱ ካላቆመ፣ ብዙ ቤተሰብ «እየተሻለው ነው፣ ጸሎታችን ተሰማ» ይላል። የአድሬናል መድከም ሊሆን ይችላል። ኮርቲሶል የስኳርን መጠን የሚደግፍ ሆርሞን ነው። ድጋፉ ሲወድቅ ስኳሩም ይወድቃል።

ወንድሜን እኔ ከታመምኩ በኋላ አስመረመርነው። አድሬናሉ ደህና ነው። ታይሮይዱ ግን ደክሞ ተገኘ። «ሰነፍ ሆኗል» እያልን ስንት ጊዜ ተቆጥተነዋል።

ቀሪዎቹን በአጭሩ ልበል፤ ግን አትናቋቸው። ዕጢ ያልሆኑ ነገሮችም ከዚህ ጋር አብረው ይሄዳሉ። ለምጽ አንዱ ነው። የእናቴ እህት ለምጽ ነበራት። ዕድሜዋን ሙሉ እጅጌ ረጅም ልብስ ነው የሰፋሁላት፣ ሰው እንዳያይ። የሚተላለፍ አይደለም፣ እርግማንም አይደለም። ያው የሰውነት መከላከያ ቀለም ሠሪዎቹን ሲያጠቃ ነው። ፀጉር ክብ ክብ እየሆነ መርገፍም እንዲሁ። ከ40 ዓመት በፊት የወር አበባ መቆም፣ በተለይ ከሙቀት ወላፈን ጋር ከሆነ፣ እንቁላል ማፍሪያው ተጠቅቶ ሊሆን ይችላል። ብረት ተሰጥቶ የማይድን ደም ማነስ፣ የእግር መደንዘዝና የምላስ መቁሰል ካለበት ቫይታሚን ቢ12 ይመርመር። ስንዴና ገብስ ሲበላ ሆዱ የሚታወክ ሰውም አለ። ጤፍ ያንን አንጀት የሚጎዳ ፕሮቲን የለውም፤ ገበያ ላይ ተደባልቆ የሚሸጠው ዱቄት ግን ሊኖረው ይችላል።

ልጆች ላይ መልኩ ይለያል። የመጀመሪያው ዓይነት የሚባለው አለ፤ ኤር የሚባል አንድ ጂን ሲበላሽ የሚመጣ፣ በጣም ብርቅ የሆነ። ፊንላንድ፣ ሰርዲኒያና የኢራን አይሁዶች ዘንድ ከሌላው ይበልጥ ይታያል። ልጁ ከእናቱም ከአባቱም የተበላሸውን ጂን ሲወርስ ነው የሚመጣው። ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ አፍ ውስጥ የሚመላለስ፣ በመድኃኒት ጠፍቶ የሚመለስ ነጭ ፈንገስ። ከዚያ ፓራታይሮይድ ይደክምና ካልሲየም ይወርዳል፤ ከንፈርንና ጣትን ውርር ያደርጋል፣ እጅ ይኮማተራል፣ ልጁ ሊንቀጠቀጥም ይችላል። ከዚያ አድሬናል። የሚጥል በሽታ ተብሎ ጸበል የሚመላለስ ልጅ ካለ ጸበሉን አልከለክልም፤ ካልሲየሙንም አስለኩለት።

ይህ በሽታ የደካማ ሰው አይደለም። ጃንሆይን በጥቅምት 1963 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን ላይ የተቀበሏቸው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ የአዲሰን በሽታ ነበረባቸው፤ በ1947 ለንደን ላይ ነው የተነገራቸው። በኋላ ታይሮይዳቸውም ደካማ መሆኑ ታወቀ። እህታቸው ዩኒስም አዲሰን ነበረባት። ሁለት ዕጢ፣ አንድ ቤተሰብ። ይህን ሳነብ የእኛን ቤት ነው ያየሁት።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ከሆስፒታል ስወጣ ልብስ የምቆርጥበትን ቡናማ ወረቀት ዘረጋሁ። በእርሳስ ቤተሰቡን ሣልኩ። አያት፣ እናት፣ አክስት፣ ወንድም፣ እኔ። ከእያንዳንዱ ሥር ያለበትን ጻፍኩ። ስኳር፣ ለምጽ፣ እንቅርት፣ «ሳይታወቅ ደክሞ የሞተ»። ያን ወረቀት አጥፌ ለሐኪሙ ሳሳየው ከምርመራው ውጤት እኩል ጊዜ ወስዶ አየው። እናንተም እንዲሁ ሣሉ። አክስት አጎት እንዳይቀሩ። ሰው ለምጽን ይደብቃል፤ በጨዋ ደንብ ጠይቁ።

ከጎኑ የራሳችሁን ጻፉ። ምልክቱ፣ የጀመረበት ወር፣ ምን እንደተሰጣችሁ፣ ምን እንደለወጠ። ወሩን በበዓል አስታውሱት፤ «ከገና በፊት»፣ «ጾሙ ሲገባ»። እኔ በቀሚሱ ነው ያስታወስኩት። ኪሎ መዝኑና ጻፉ። ከዚያ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ከድካም አትጀምሩ። ድካም ካላችሁ ደም ማነስ ትባላላችሁ። እንዲህ በሉ፦ «በስምንት ወር 11 ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ጨው ያምረኛል፣ ስቆም ያዞረኛል፣ መዳፌ ጠቁሯል፣ ወንድሜ ዓይነት 1 ስኳር አለበት።» ይህን አንድ ላይ የሰማ ሐኪም ሌላ መንገድ ይሄዳል።

የምትውጡትንና የምትቀቡትንም አትደብቁ። ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ የሚባሉ፣ እንደ ኮርቲሶል የሚሠሩ መድኃኒቶች ናቸው) ለረጅም ጊዜ የወሰደ፣ ለመወፈር ብሎም ይሁን ለሌላ፣ ስቴሮይድ ያለበት የሚያቀላ ክሬም ለዓመት የተቀባ ሰው አድሬናሉ ሊተኛበት ይችላል። ያኛው የመከላከያ ኃይል ስህተት አይደለም፣ ቆዳም አያጠቁርም። ድካሙና መውደቁ ግን ተመሳሳይ ነው። በድንገት ማቆም አደጋ አለው።

ሐኪሙን ምን ትጠይቃላችሁ? አንዱ ዕጢ ከታወቀ ሌላው ይታይ። ከአዲሰን በሽተኞች መካከል መንስኤው የመከላከያ ኃይል ስህተት የሆነባቸውን ብትወስዱ ግማሽ ያህሉ ሌላም ተመሳሳይ በሽታ አለባቸው። ስለዚህ እኔ በየዓመቱ ቲኤስኤች፣ የጾም ስኳር፣ የደም ቆጠራ፣ ካልሲየምና ሶዲየም ፖታሲየም አሠራለሁ። መስከረም ላይ አደርገዋለሁ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ሲመዘገቡ እኔም እመዘገባለሁ። ታይሮይድ ብቻ ያለበት ሰው ሁሉ ኮርቲሶል ይለካ አልልም፤ አብዛኛው ሰው ያ ብቻ ነው ያለበት። ግን ከታይሮይድ ጋር የማይሄድ ክሳት፣ መጥቆር፣ ማስመለስ ካለ ይለካ።

ቀን የማይሰጡ ነገሮች አሉ። ደጋግሞ ማስመለስ ከመውደቅ ወይም ከመፍዘዝ ጋር። ግራ መጋባት። የስኳር በጣም መውረድ። ትኩሳት ወይም አደጋ ደርሶበት ከሚገባው በላይ የደከመ ሰው። እነዚህ ሲመጡ ነገ ሳይሆን ዛሬ፣ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ሆስፒታል።

መድኃኒት ከጀመራችሁ በኋላ ያለው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ሁለት ነገር ግን አላልፍም። ኮርቲሶል የሚተካው እንክብል አንድም ቀን አይቋረጥም። ትኩሳት ሲኖር፣ ጥርስ ሲነቀል፣ ቀዶ ሕክምና ሲኖር መጠኑ ይጨምራል። ስንት እንደሚጨመር ሐኪማችሁ በጽሑፍ ይስጣችሁ። የሚያስመልሳችሁ ከሆነና እንክብሉ ካልረጋ፣ መርፌ ነው። ሁለተኛው ጾም ነው። እኔ እስከ 9 ሰዓት መጾም ተውኩ። የነፍስ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ «መድኃኒትሽን ዋጪ፣ ቁርስሽን ብዪ፣ ከሥጋና ከወተት ጹሚ» አሉኝ። ሮመዳን የሚጾም ወንድም እህትም ከወሩ በፊት ሐኪሙንና የሃይማኖት መምህሩን ያማክር። ሳያማክር አይጀምር።

አንድ ካርድ አለኝ። በጨርቅ ሰፍቼ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ፤ ቦርሳ ሊጠፋ ይችላል። ጀርባው ላይ የወንድሜ ስልክ አለ። ፊቱ ላይ በትልልቁ የጻፍኩትን እንዳለ ልስጣችሁ፣ የሚያስፈልገው ይገልብጠው፦

«አድሬናል ዕጢዬ አይሠራም። ካስመለሰኝ ወይም ራሴን ከሳትኩ ሃይድሮኮርቲዞን 100 ሚሊግራም በመርፌ አሁኑኑ ይሰጠኝ፣ ጨው ያለበት ግሉኮስም ይንጠልጠልልኝ። ውጤት አይጠበቅ። ታይሮይዴም ደካማ ነው። ድዴ ንቅሳት አይደለም።»